ከኮምጣጣው ጋን የቀዳሁ ዕለት

ጠላ መጠጣት የጀመርኩት በሃያ አራት ዓመቴ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል፤ ቢስቅም አይፈረድበትም። በዚያን ዘመን የአራዳ ልጅ ገና ጡት ሳይጥል ጠላ በጣት ይቀምስ ነበር። እኔ ግን ያደግኩት ሚሲዮኖች ዘንድ ነው፤ እነሱ ቤት ከወተትና ከውሃ በቀር የሚጠጣ ነገር አይገባም። ፊደልና ትንሽ ፈረንሳይኛ አስተምረው ሲያሰናብቱኝ፣ አራዳ ከአንድ አርመን ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በጸሐፊነት ገባሁ። የእጅ ጽሕፈቴ ያምር ነበር። ኩራቴ ግን ከጽሕፈቴ ይበልጥ ነበር፤ ለዚህ ሁሉ ጣጣ ያበቃኝም እሱ ነው።

የተከራየሁት ክፍል ከጊዮርጊስ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ አንዲት ጠላ ሻጭ ግቢ ውስጥ ነበር። ዛሬ ሰፈሩን ፒያሳ ይሉታል፤ ያን ጊዜ ግን ስሙ ገና አልመጣም፣ ሁሉም አራዳ ነበር። ሴትዮዋን እትዬ እላቸው ነበር። ረጅም፣ ጠይም፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። ሁለት ባል ቀብረዋል፤ አንደኛውን ንዳድ ገደለባቸው፣ ሁለተኛውን በቅሎ ረገጠባቸው። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ገፊ ይላቸው ጀመር። ገፊ የተባለች ሴት ያገባት ይሞታል፣ የያዘችው ነገር ይበላሻል ይባላል። ፊት ለፊት የሚናገራቸው አልነበረም። ነገር ግን ጎረቤት ድግስ ሲኖር ሊያግዙ ሲሄዱ፣ ሌሎቹ ሴቶች ጥንስሱን ከበው እሳቸውን ሽንኩርት ያስልጧቸው ነበር። እትዬም ለምን እንደሆነ እያወቁ ይልጡ ነበር።

የሚገርመው ጠላቸው የዚያ ቁልቁለት አንደኛ መሆኑ ነው። ጠጪው ሐሜቱን ከውጭ ትቶ ይገባል፣ ጠጥቶ ሲወጣ እንደገና ያነሣዋል።

ጠላ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በጉሽ ጀመሩልኝ፤ ገና ያልጠለለ፣ ገብሱ ምላስ ላይ የሚቀር፣ ጣፈጥ የሚል ነው። ወደድኩት። ሁልጊዜ ማታ ማታ ከሱቅ ስመለስ አንድ ጣሳ ጉሽ ይዤ ከደጁ መደብ ላይ እቀመጥ ነበር። የጠላ ቤት ሰው ግን ዝም ብሎ አይተውም፤ አንድ ደንበኛ ነበር፣ ኮርቻ ሰፊ፣ ምላሱ ከወስፌው የሚሾል። አየኝና፦

«ጉሽ የሙሽራ መጠጥ ነው። ጸሐፊው፣ መቼ ነው የሚድሩህ?» አለ።

ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ጉሹን ግን አልጨረስኩትም።

እትዬ ሁለት ጋን ነበራቸው። ከበሩ አጠገብ ያለው ከተጠመቀ ጥቂት ቀን የሆነው፣ ለእንግዳና ለድግስ የሚቀዳው ነው። ከጓዳው ጥግ ያለው ደግሞ የሰነበተ፣ የኮመጠጠ ነው። ይህንን የሚጠጡት የቆዩ ደንበኞች ብቻ ነበሩ፤ «ሽማግሌው» ብለው ስም አውጥተውለታል። «ሽማግሌው ደህና ናቸው?» እያሉ ይገባሉ፣ እትዬም «ደህና ናቸው፣ ትንሽ ይነጫነጫሉ» ብለው ይቀዱላቸዋል። እኔም በማግሥቱ ከሽማግሌው ቅዱልኝ አልኳቸው።

እትዬ አልሳቁብኝም። «ኮምጣጣ ሁሉ አንድ አይደለም፤ መዳፍህን ዘርጋ» አሉና ጠብ አደረጉልኝ። «መጀመሪያ አሽትተው። አፍንጫህን ወግቶ ካስነጠሰህ ኮምጣጤ ሆኗልና ተወው። ካልወጋህ አፍህ አድርገው፣ ግን ቶሎ አትዋጥ። የምላስህን ዳርና ዳር ይቆነጥጥሃል። ቆንጥጦ ሲለቅህ የገብሱ ጣዕም ተመልሶ ከመጣ ጠላ ነው። ካልመጣ ሞቷል፣ ድፋው።»

እኔ ቁንጥጫውን አገኘሁ እንጂ ተመልሶ የሚመጣ ነገር አላገኘሁም። ፊቴ ተጨማዶ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያም ሆኖ ተውኩት አላልኩም፤ ለብዙ ሳምንት ታገልኩ። ክፍሌ ውስጥ በትንሽ መስታወት ፊት ተቀምጬ፣ ፊቴ እንዳይጨማደድ እየጠበቅኩ የጠጣሁበት ጊዜ አለ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። በመጨረሻ ኮርቻ ሰፊው ባለበት አንድ ሙሉ ጣሳ ዓይኔን ሳልጨፍን ጨለጥኩ። እሱም «በል፣ ከሙሽሪትነት ወጣህ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉሽ የሚጠጣ ሰው ሳይ አፌን የማጣምም ሆንኩ። እውነቱን ለመናገር ኮምጣጣውን አንድም ቀን አልወደድኩትም። የወደድኩት ስጠጣው መታየቴን ነው።

በዚያው ሰሞን የአንዲት ትልቅ ወይዘሮ አዛዥ ለድግስ የሚሆን ጨርቅ ሊገዛ ወደ ሱቃችን መጣ። ወይዘሮዋ የባላቸውን የሙት ዓመት ተዝካር ሊያወጡ ነው። የቤታቸው ጠላ ጠማቂ ታማ አገሯ ስለ ገባች ሌላ ይፈልጋሉ፤ ሙያዋ ከተወደደላት በዚያው ቤት ጠማቂነቷ ይጸናል። ይህን ስሰማ ስለ እትዬ ነገርኩት። አዛዡ ጥቂት አሰበና፣ «ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ መጥቼ እቀምሳለሁ» አለ። ይህች አንዲት ነገር እስከ ዛሬ በጎ ሥራዬ ናት፤ ሌላ የለኝም።

ለእትዬ ስነግራቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። ከዚያ፣ «ትልቅ ቤት ካስጠመቀኝ ማን አፉን ይከፍታል?» አሉኝ። እንግዲህ የፈለጉት ይህንኑ ነበር፤ የሰው አፍ እንዲዘጋላቸው። ለጊዮርጊስ ተሳሉ። ገብሱን ፍሬ በፍሬ ለቀሙት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የበሩን ጋን በወይራ አጠኑት፣ ጠነሰሱ፣ ደፈደፉ፣ ጊዜው ሲደርስም አፉን በጭቃ መረጉት። «ጭቃውን የምሰብረው በአዛዡ ፊት ነው፤ ሌላ ነገር እንዳልገባበት ዓይኑ ይይ» አሉ።

በቀጠሮው ዋዜማ፣ ሰኞ ዕለት፣ የአርመኖች በዓል ስለ ነበር ሱቁ ተዘግቶ እቤት ዋልኩ። እትዬ ጎረቤት ሰው ሞቶባቸው ወደ ቀብር ሊሄዱ ሲሉ ጠሩኝ።

«ነገ ነው ያለው፤ ግን የትልቅ ሰው አሽከር ቀኑን የሚቆርጠው እሱ አይደለም። ድንገት ከመጣ እንዲጠብቀኝ ለምነው። አልጠብቅም ካለ ከበሩ አጠገብ ያለውን ክፈትለት። ጭቃውን በፊቱ ስበር፣ ቀምሰህ ስጠው። የበሩን ነው፣ ሰማህ?»

«ሰማሁ እትዬ።»

ቀትር ላይ አዛዡ በበቅሎ መጣ። ወይዘሮዋ በማግሥቱ ወደ ሌላ ስፍራ ሊልኩት ስለሆነ ነገ አልችልም አለ። እንዲጠብቅ ለመንኩት፤ አልሆነም። «ወንድ ልጅ ጠላ መቅዳት ያውቃል?» ብሎ ቀለደብኝ። ወንድ ጋን መክፈቱ በዚያን ጊዜ እንደ ነውር ነበርና ቀልዱ አስደነገጠኝ። ቅሉን አነሣሁ።

እጄ ወደ በሩ ጋን ሄዶ ነበር፤ ይህን እምላለሁ። ከዚያ ነው ያ የተረገመ ሐሳብ የመጣብኝ። ይህ ሰው የትልቅ ቤት ሰው ነው፣ ስንቱን ጠላ የቀመሰ ነው፣ ለእንዲህ ያለ ሰው የእንግዳ ጠላ መቅዳት እንደ ባላገር መቆጠር ነው አልኩ በልቤ። የሚያውቅ ሰው የሚጠጣው ሽማግሌውን ነው። ደግሞስ እኔም የማውቅ መሆኔን ይይልኝ። ጓዳ ገብቼ ከጥጉ ጋን ቀዳሁ።

ጠላ የሚቀዳ ሰው ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት በገዛ መዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ክፉ ነገር የለበትም፣ እኔ ልቅደምልህ ማለት ነው። እንግዳውም ያን ጊዜ የሚያየው ዋንጫውን ሳይሆን የቀማሹን ፊት ነው። እኔ የመስታወቱን ልምምድ ሁሉ ረስቼ ጠብ አደረግኩና ጠጣሁ። ዓይኔ በራሱ ጊዜ ተጨፈነ፣ አፌ ተሰበሰበ። ስገልጠው አዛዡ ትክ ብሎ እያየኝ ነው። ዋንጫውን ተቀበለኝ፣ ከንፈሩን አስነካ፣ ዘወር ብሎ ተፋው።

«ኮምጥጧል» አለ። «አንተም እኮ መዋጥ አቅቶህ ነበር። ለተዝካሩ ልትሰጠን ያሰበችው ይህን ነው?»

አይደለም ማለት ነበር። ጌታዬ፣ ተሳስቼ ነው፣ የእርስዎ ከበሩ አጠገብ ነው፣ ጭቃው ይኸው አልተሰበረም ማለት ነበር። ዓረፍተ ነገሩ አፌ ውስጥ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ካልኩ፣ ታዲያ ለምን ይህን ቀዳህልኝ ይለኛል። ለምን እንደ ቀዳሁ ለሰው የሚነገር አልነበረም።

«አዎን፣ ይኸው ነው» አልኩ።

አዛዡ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያስ የሚባለው እውነት ነው። ገፊ ናት ሲሉኝ አላመንኩም ነበር፤ ራሴ ቀምሼ ልፍረድ ብዬ ነው የመጣሁት» አለና በቅሎው ላይ ወጣ።

ያን ጊዜም ሮጬ ብደርስበት ይሰማኝ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ በቅሎ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። እኔ ግን ወደ ቤት ተመለስኩ፤ እዚያ የሠራሁትን ልንገር። እትዬ ሲመጡ ጭቃው እንዳልተነካ ካዩ ሌላ ጋን እንደ ቀዳሁ ያውቃሉ። ስለዚህ ጭቃውን ሰበርኩት። ሁለት ቅል ቀድቼ ጓሮ ወስጄ ከአጥሩ ሥር ደፋሁት። ሲፈስ የወይራው ጢስና የገብሱ ሽታ ተነሣ። ጣቴ ላይ የቀረውን ላስኩት። በሕይወቴ ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ጠላ አልቀመስኩም፤ ከዚያ ወዲህም አልቀመስኩ።

እትዬ ከቀብር ሲመለሱ ዓይናቸው መጀመሪያ የሄደው ወደ ጋኑ አፍ ነው። ፊታቸው ፈካ።

«መጣ?»

«መጣ።»

«ምን አለ?»

«ኮምጥጧል አለ።»

ይህ ውሸት አልነበረም፤ ቃሉ የአዛዡ ነው። እንዲህ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እትዬ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ቅሉን አነሡ፣ ከበሩ ጋን ቀዱ፣ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። እንደገና ቀመሱ። ከዚያ ለእኔ ዘረጉልኝ።

«አንተስ ምን ትላለህ? ይኮመጥጣል?»

«አይኮመጥጥም» አልኩ።

መደቡ ላይ ተቀመጡ። እኔ እንባ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን ፈገግ አሉ። «ጠላዬንስ አልጠላም» አሉ፣ «የጠላው እኔን ነው።» በራሳቸው ቃል ሳቁ። ኮርቻ ሰፊው በዚህ መሐል ገብቶ ኖሮ ሰማ፤ እሱም ጭኑን እየመታ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን የአራዳ ሰው ነው፤ እንደዚያ ያለ ቃል ሰምቶ ኪሱ ከትቶ አይተኛም። ከሦስት ቀን በኋላ ከሱቃችን ደጃፍ ላይ ሁለት ተሸካሚዎች «ጠላዋን ነው ወይስ እሷን ነው የጠላው?» እየተባባሉ ሲሳሳቁ ሰማኋቸው። አርመኑ እንኳ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየከፋ ሄደ። ትልቅ ቤት ቀምሶ የተፋው ጠላ ነው ተባለ። በፊት ሐሜቱን ከውጭ ትቶ ይገባ የነበረው ደንበኛ አሁን ከውጭ ይቀር ጀመር። እኔን የጎዳኝ ግን እሱ አይደለም። አንድ ቀን ማለዳ እትዬ ጥንስሱን ሊያዩ ሲሉ ጠሩኝና «ክዳኑን አንተ አንሣልኝ፤ የእኔ እጅ ይቅርበት» አሉ።

«እትዬ፣ ምን ሆኑ? ጠላዎ ደህና ነበር፣ ሁለታችንም ቀምሰነዋል» አልኳቸው።

«እሱን እኮ ነው የምልህ። እኔ አፍ ሲደርስ ደህና ነው፣ ሰው አፍ ሲደርስ ይኮመጥጣል። ገፊ ብሆን አይደል?»

ክዳኑን አነሣሁላቸው። ይህንን ማለፍ አልቻልኩም። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ሲላቸው ያላመኑትን፣ እኔ ባጠፋሁት አመኑ። አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። ቀኑ በረዘመ ቁጥር ለምን እስካሁን ዝም አልክ የሚለው ጥያቄም ከጥፋቱ በለጠብኝ።

አንድ ጊዜ ቆርጬ ተነሣሁ። ከሱቅ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ወይዘሮዋ ቤት ሄድኩ፤ ለአዛዡ እውነቱን ነግሬ፣ ጠላውን በድጋሚ እንዲቀምስ ልለምነው ነው። በሩ ላይ ስደርስ ሴቶች የሌላ ጠማቂ እንስራ አዝለው ይገባሉ። አዛዡ ከሰዎች ጋር ቆሞ ነበር። አየኝና፣ «ይኸውላችሁ ያ ጠላ ቀማሽ!» ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ሰብስቦ አሳያቸው። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ እጅ ነሣሁ፣ ለሰላምታ ብቻ ነው የመጣሁት ብዬ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ ራሴን ስሰድብ መጣሁ፤ ስድቡ ግን ለእትዬ ምን ይጠቅማል?

ክረምቱ ሳይገባ እትዬ ቡልጋ ወንድማቸው ዘንድ ሊገቡ ቆረጡ። ምጣዱን፣ ወንፊቱን፣ ጣሳዎቹን ሰው ወሰደላቸው፤ ጋኖቹን ግን በነፃም የሚወስድ አልተገኘም። ግቢው ውስጥ ትተዋቸው ሄዱ።

በሄዱበት ማለዳ ጓዛቸውን ይዤ እስከ ድልድዩ ሸኘኋቸው። ወደ ቡልጋ የሚመለሱ ሰዎች አህያ ጭነው ማዶ እየጠበቋቸው ነበር። ድልድዩ ላይ ቆም አሉና ጓዙን ከእጄ ተቀበሉኝ። አሁን እነግራቸዋለሁ አልኩ። ይሄዳሉ፣ ከእንግዲህ አላያቸውም፣ ቢረግሙኝም ይርገሙኝ፣ ቢያንስ እጃቸው ንጹሕ መሆኑን ይዘው ይሂዱ አልኩ። «እትዬ» ብዬ ጀመርኩ።

እሳቸው ቀደሙኝ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ያልተናገረኝ የለም» አሉ። «ስለ እኔ አንዲት ክፉ ቃል ከአፉ ያላወጣ አንተ ብቻ ነህ። አንተ ዝም አልክልኝ። ዝምታህን እግዜር ይቁጠርልህ፣ ልጄ።»

ማዶ ያሉት ሰዎች ጠሯቸው። እኔም ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ አሜን አልኩ።